ከመቃብር ወደ አመድ፦ አስከሬን ማቃጠል በአሜሪካ እንዴት ተለመደ፣ ሥራው እንዴት ይከናወናል፣ ውሳኔውስ የማን ነው?

በ1960 አሜሪካ ውስጥ ከሚሞተው መቶ ሰው አስከሬኑ የሚቃጠለው የአራት ሰው ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ ከመቶው ከ60 በላይ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰው ምግቡን ይለውጣል፣ አለባበሱን ይለውጣል፣ አገሩንም ይለውጣል፤ አባቱ የተሸኘበትን ሥርዓት ግን በቀላሉ አይነካም። በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚሞትባት አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከአፈር ወደ እሳት መዞሯ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ገንዘብ የነበራት አመለካከት ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያል።

እዚያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዛሬ ሟቹም ቤተሰቡም ምንም ካልተናገሩ ጉዳዩ በራሱ የሚያዘነብለው ወደ ማቃጠል ነው። ከወላጆቻቸው ስለ ቀብር አንድም ቃል ሳይሰሙ ያደጉ ልጆች ጎረቤታቸውና የሥራ ባልደረባቸው ያደረገውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ልማዱ ከየት እንደመጣ፣ ሥራው በምን ዓይነት ደረጃዎች እንደሚያልፍና ሕጉ ሥልጣኑን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ከቤት ወደ ድርጅት

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው አሜሪካዊ የሚሞተው በቤቱ ነበር። አስከሬኑን የቤት ሴቶች አጥበው ይገንዙታል፣ ሳጥኑን የሰፈሩ አናጺ ይሠራዋል፣ ቀብሩም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይፈጸማል። የገጠር ኢትዮጵያ ሰው ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም ነበር። ይህን የለወጠው ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በደቡብ የጦር ሜዳ የወደቀ የሰሜን ልጅ ሬሳው በባቡር እናቱ ቤት እስኪደርስ ሳይፈርስ መቆየት ነበረበት። ደም ሥር ውስጥ መድኃኒት እየጨመሩ ሬሳ የሚያቆዩ ባለሙያዎች ያኔ ተፈለጉ። ኢምባልሚንግ የሚባለው ይህ ሥራ ነው። አብርሃም ሊንከን በሚያዝያ 1865 ሲገደሉ አስከሬናቸው በዚሁ ዘዴ ተሰናድቶ ከዋሽንግተን ተነሥቶ እስከ ስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በባቡር ተጓዘ፤ በየከተማው ሕዝብ ተሰልፎ ተሰናበታቸው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ፊቱ ተሰናድቶ የሚታይ ሟች በአሜሪካውያን ዓይን የክብር ምልክት ሆነ።

ሥራው እንዲህ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ፊውነራል ሆም ለሚባለው ድርጅት ተላለፈ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የብረት ሳጥን መጣ፤ መሬቱ እንዳይሰምጥ ሳጥኑን የሚያቅፍ የኮንክሪት ልባስ መጣ፤ የአበባው ጉንጉንና የመኪናው ሰልፍ ተከተሉ። ሁሉም ዋጋ ነበረው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ዋጋ አይከራከርም።

ማቃጠል በዚያ ዘመን ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ የጥቂቶች ሐሳብ ሆኖ ነው የቆየው። በአሜሪካ በዘመናዊ ምድጃ አስከሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃጠለው በታኅሣሥ 1876 ሲሆን፣ ቦታው ዋሽንግተን የምትባለው የፔንሲልቬንያ ከተማ ነው። ምድጃውን በገዛ መሬቱ ላይ ያሠራው ፍራንሲስ ሌሞይን የተባለ ሐኪም ነበር። የሚከራከረውም ስለ ጤና ነው፦ መቃብር የሕያዋንን ውኃና አፈር ይበክላል ይል ነበር። ሐሳቡ እስኪሰማ ድረስ ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀ።

በሩ የተከፈተው በ1963 ነው። በዚያ ዓመት የቀብር ንግዱን አሠራርና ትርፍ የሚያጋልጥ መጽሐፍ ወጥቶ አገሩን አነጋገረ። በዚያው ዓመት ቫቲካን ለካቶሊኮች የነበረውን ማቃጠልን የሚከለክል ሕግ አላላች። ቤተ ክርስቲያኗ እስከ ዛሬ ቀብርን እንደምታስበልጥ ትናገራለች፤ በ2016 ባወጣችው መመሪያም አመዱ እንዳይበተን፣ ቤት ውስጥም እንዳይቀመጥ፣ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ አዛለች። ያም ሆኖ ክልክል የነበረው የሚፈቀድ ሲሆን ሰው የሚሰማው ፈቃዱን ነው፤ ዝርዝሩን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

ልብ የለወጡት ነገሮች

ብዙ ሰው ምክንያቱ ዋጋ ነው ብሎ ያልፋል። ዋጋው በእርግጥ ከባድ ነው። የአገሪቱ የቀብር ዳይሬክተሮች ማኅበር በ2023 ባወጣው አኃዝ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ የሚደረግ ስንብትና ቀብር መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር ነበር፤ የመቃብሩ ቦታ፣ የጉድጓዱ ቁፋሮና የድንጋዩ ሐውልት ከዚህ ውጭ ናቸው። ስንብት ተደርጎ በማቃጠል ሲያበቃ 6,280 ዶላር ነበር። ያለ ስንብት፣ ያለ ኢምባልሚንግ፣ ያለ ጌጠኛ ሳጥን በቀጥታ ማቃጠል ደግሞ እንደየከተማው ከ1,000 እስከ 3,000 ዶላር ባለው መካከል ይገኛል። መንግሥት ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የጡረታ ሥርዓቱ በኩል ለሟች የትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ 255 ዶላር ብቻ ነው።

ነገር ግን ዋጋ ብቻውን ልማድ አይለውጥም። ባለጠጎችም ማቃጠልን ይመርጣሉ። ከዋጋው ሥር ያለው ዋናው ነገር ሰውና ቦታ መለያየታቸው ነው። መቃብር ትርጉም የሚኖረው የሚጎበኘው ሲኖር ነው። ኦሃዮ ተወልዶ፣ ቴክሳስ ሠርቶ፣ በጡረታ ፍሎሪዳ የገባ፣ አንዱ ልጁ በሲያትል ሌላው በቦስተን የሚኖር ሰው የት ይቀበር? በየትኛውም ቦታ ቢቀበር አበባ የሚያኖርለት የለም። አመድ ግን ይጓዛል፣ ይከፈላል፣ ይጠብቃል። ኔቫዳን፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተን ክፍለ ግዛትን የመሳሰሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የበዛባቸው ምዕራባዊ ግዛቶች በማቃጠል ቀዳሚ መሆናቸው፣ ቤተሰብ በአንድ አውራጃ ለትውልድ የቆየባት ሚሲሲፒ ደግሞ ከኋለኞቹ መሆኗ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትም «ወደ ቤት መግባት» ብለው የሚጠሩት፣ መዝሙርና ስብከት የሞላበት ሽኝት አሁንም አስከሬኑን መሃል አድርጎ ይፈጸማል።

ሁለተኛው የሃይማኖት ማኅበር መላላት ነው። ጋሉፕ የተባለው የአስተያየት ጥናት ድርጅት እንዳገኘው በ1999 ከመቶ አሜሪካውያን 70ው የአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ምኩራብ ወይም መስጊድ አባላት ነበሩ። በ2020 ቁጥሩ ወደ 47 ወርዶ ጥናቱ ከተጀመረበት ከ1930ዎቹ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ። ቄስ የሌለው ቤተሰብ ሥርዓቱን ራሱ ሊፈጥር ይገደዳል፤ ሥርዓት ለራሱ የሚፈጥር ሰው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ አስከሬን ግን ጊዜ አይሰጥም።

የለውጡ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በማቃጠል አሜሪካዊው አስከሬኑንና ሐዘኑን ለያያቸው። በቀብር ሥርዓት ቀኑን የሚወስነው ሬሳው ነው፦ ሰው ይጠራል፣ ሥራ ይቆማል፣ ሁሉም ይሮጣል። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ግን ሽኝቱ ከሦስት ሳምንት፣ ከሁለት ወር፣ አንዳንዴም ለቀጣዩ በጋ ሊቀጠር ይችላል፤ ልጆች ከሥራ ፈቃድ፣ ከአውሮፕላን ቲኬትና ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ያስማሙታል። በ2020 ኮቪድ መሰብሰብን ሲከለክል ይህ ልማድ ቀድሞ የማያውቁትን ቤቶች ሁሉ አዳረሰ። ለእኛ ሐዘን ትኩስ ሆኖ በሰው መሃል የሚወጣ ነገር ነው፤ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ሰልስት የሚባሉት ሁሉ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን የተበጁ ናቸው። በአሜሪካው አዲስ ሥርዓት ሐዘንተኛው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙ ጊዜ ብቻውን ያሳልፋል። የሽኝቱ ቀን እስኪደርስ ባይጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ምግብ ይዘው ቢሄዱ ትልቅ ነገር ያደርጋሉ። ምግቡን በሚጣል ዕቃ መውሰድና ከመሄድ በፊት በስልክ መልእክት መጠየቅ ያሻል፤ ሳይጠሩ መምጣት እንደ እኛ ዘንድ አይለመድም።

ለሽኝቱ ራሱ ሴሌብሬሽን ኦፍ ላይፍ (የሟቹን ሕይወት ማክበሪያ) የሚል ጥሪ ከደረሰዎ አስከሬን እንደማይኖር ይገምቱ። ፎቶግራፎችና ምናልባት አመዱ ያለበት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወዳጆች እየተነሡ ስለ ሟቹ ያወራሉ፤ ከመሃል ሳቅ ቢሰማ ንቀት አይደለም፣ ሰውየውን በሕይወቱ እንዳወቁት ማስታወሳቸው ነው። ልብስ እንደ ጥሪው ነው፤ ጥሪው ዝም ካለ ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ቀለም ያስኬዳል። «በአበባ ፈንታ» የሚል ቃል ካለበት ከሥሩ ለተጠቀሰው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ይላካል እንጂ ለቤተሰቡ በእጅ አይሰጥም። ጮክ ብሎ ማልቀስና ደረት መምታት በዚያ ክፍል ውስጥ ሰዎችን ያስደነግጣል።

ሥራው ራሱ

ዛሬ በተፈጥሮ ምክንያት ከሚሞቱት አሜሪካውያን በሆስፒታል ከሚያርፉት ይልቅ በቤታቸው የሚያርፉት ይበዛሉ፤ ይህ የሆነው ከ2017 ጀምሮ ነው። ከጀርባው ሆስፒስ የሚባለው፣ የማይድን በሽተኛን ሕመሙን እያስታገሱ በቤቱ የሚንከባከቡበት አገልግሎት አለ። በሆስፒስ ያለ ሰው ሲያርፍ የሚደወለው ለሆስፒሷ ነርስ ነው። በድንጋጤ 911 ከተደወለ አምቡላንስ ይመጣል፤ ልቡ ከቆመ ለማስነሣት አትሞክሩ የሚል የተፈረመ ትእዛዝ ካላዩ ልብ ለማስነሣት ደረት መጫን ይጀምራሉ፣ ፖሊስም ሊከተል ይችላል። ያረፈን ሰው አጠገብ እንዲህ ያለ ትርምስ ማየት ለቤተሰብ የማይረሳ ቁስል ነው።

ነርሷ ሞቱን ካረጋገጠች በኋላ ፊውነራል ሆሙ አስከሬኑን ወስዶ በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። ያልታሰበ፣ የድንገተኛ ወይም የአደጋ ሞት ከሆነ ጉዳዩ በመጀመሪያ ወደ ካውንቲው (የአውራጃው አስተዳደር) የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪም የሞቱን ምክንያት ሞልቶ ይፈርማል፤ የሞት ምስክር ወረቀት ይመዘገባል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለማቃጠል የመርማሪ ሐኪሙ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተቃጠለ አስከሬን ዳግም አይመረመርምና። የግዴታ መጠበቂያ ሰዓትም አለ፤ ለምሳሌ በቴክሳስ 48 ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሞት እስከ አመድ መረከብ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መውሰዱ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ሐኪሙ ወረቀቱን ሳይፈርም ሲቀር ነው። ከምስክር ወረቀቱ ስምንት ወይም አሥር ማኅተም ያለበት ቅጂ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይበጃል፤ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጡረታውና የቤቱ ስመ ሀብት እያንዳንዳቸው ዋናውን ይጠይቃሉ።

ከምድጃው በፊት መታወቂያ ቁጥር የተቀረጸበት የማይዝግ ብረት ከአስከሬኑ ጋር ይታሰራል፤ እሳቱ ስለማያቀልጠው እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል። ጌጣጌጥ ይወልቃል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለ በቀዶ ይወጣል፤ ባትሪው በእሳት ይፈነዳል፣ ምድጃውን ይሰብራል፣ ሠራተኛም ይጎዳል። ቤተሰቡ ፎርሙ ላይ መሣሪያው መኖሩን መጻፍ የሚኖርበት ለዚህ ነው። አስከሬኑ በጠንካራ ካርቶን ወይም በተራ እንጨት በተሠራ መያዣ ውስጥ ሆኖ፣ ለብቻው፣ በሸክላ ጡብ ወደተለበጠ ክፍል ይገባል። ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ጊዜው እንደ ክብደቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት። ውኃውና ሥጋው በጋዝ መልክ ይወጣል።

የሚቀረው በእውነቱ አመድ አይደለም፤ የነጣ፣ የተሰባበረ አጥንት ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ሠራተኛው በብሩሽ ይሰበስበዋል፣ በማግኔትና በእጅ ብሎን፣ የዳሌ ብረት፣ የሳጥን ሚስማር ይለቅማል፤ ከዚያ በወፍጮ ይፈጫል። ቤተሰቡ የሚቀበለው ሻካራ አሸዋ የመሰለ ግራጫማ ነገር ነው፤ ለአዋቂ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክብደቱን የሚወስነው የአጥንቱ መጠን ስለሆነ ረጅም ሰው ከወፍራም ሰው ይበልጣል። ለአዋቂ የሚሠራው መደበኛ ማስቀመጫ ከሦስት ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ይይዛል። በጣም ትንሽ ሕፃን ከሆነ ምንም ላይተርፍ ይችላል፤ ይህን ለእናትየው አስቀድሞ መንገር የድርጅቱ ግዴታ ባይሆን እንኳ የሰብአዊነት ጉዳይ ነው።

እምነት የሚጎድልበት ሥራም ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻዋል። በ2002 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ኖብል በምትባል ስፍራ 334 አስከሬኖች ሳይቃጠሉ በግቢና በጫካ ተጥለው ተገኙ፤ አንዳንድ ቤተሰቦች ሲያለቅሱበት የነበረው ዱቄት ከሲሚንቶ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ተጠናክሯል። የሚጠራጠር ቤተሰብ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፦ ማቃጠያው በድርጅቱ ግቢ ነው ወይስ በኮንትራት ሌላ ቦታ ብሎ መጠየቅ፣ በሚጀመርበት ሰዓት መገኘት መፈለጉን መናገር (ሂንዱዎች ዘወትር ያደርጉታል፣ ጥቂት ተጨማሪ ክፍያ ይኖረው ይሆናል)፣ አመዱን ሲረከብ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን የብረት ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር።

በዋጋ በኩል የሚከላከለው ደንብ ጥሩ ነው፤ የጎደለው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ከሚያዝያ 1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቀብር ደንብ ፊውነራል ሆሙ ዋጋውን በስልክ ለጠየቀ ሁሉ እንዲናገር፣ በአካል ለመጣ ደግሞ የተዘረዘረ የዋጋ ወረቀት ሳይለመን እንዲሰጥ ያስገድዳል። በቀጥታ ለማቃጠል ሳጥን ግዙ ማለት አይችልም። ሳጥን ከሌላ ሱቅ ቢገዛ አልቀበልም ማለትም ሆነ የመረከቢያ ክፍያ መጨመር አይችልም። ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ኢምባልም አድርጎ ማስከፈልም አይችልም። የማይቀረው «መሠረታዊ አገልግሎት» የሚባለው ክፍያ ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ደውሎ ማወዳደር በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የእጥፍ ልዩነት ያሳያል። ስትደውሉ የምትጠይቁት፦ ጠቅላላው ስንት ነው፣ የማቃጠያው ክፍያ፣ የመርማሪው ፈቃድ፣ የትራንስፖርቱና የማቀዝቀዣው ቀን ሒሳብ ተካቷል ወይ? ብዙ ሰው የሚታለለው በማስታወቂያው ዝቅተኛ ዋጋ ተስቦ እነዚህ ሲጨመሩበት ነው።

አመዱ የሚሄድበት

ቤት ማስቀመጥ፣ መቅበር፣ በመቃብር ስፍራ ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ትንሽ መስኮት ማኖር፣ መበተን ሁሉም ይፈቀዳሉ። የግል መሬት የባለቤቱን ፈቃድ፣ ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ የፓርኩን ፈቃድ ይጠይቃሉ። በባሕር የሚበተነው ከዳርቻው ቢያንስ 3 የባሕር ማይል ርቆ ነው፤ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግድ ነው። በአውሮፕላን የሚወስድ ሰው ማስቀመጫው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ጨረሩ አልፎ ካላሳየ የፍተሻ ሠራተኞች ለሟቹ ክብር ሲሉ ዕቃውን አይከፍቱትም፣ እንዲያልፍም አይፈቅዱም። በፖስታ የሚልከው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ብቻ ነው፤ ከመጋቢት 2025 ወዲህ ፖስታ ቤቱ ራሱ ባዘጋጀው ልዩ ሳጥን መሆን አለበት።

ለውጡ በእሳት አላቆመም። የጋዝ ምድጃው ጢስና የኢምባልሚንጉ መድኃኒት ያሳሰባቸው ሰዎች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። በ1998 በሳውዝ ካሮላይና በተከፈተው ራምዚ ክሪክ የተባለ የመቃብር ስፍራ ሰው ያለ ኮንክሪት፣ ያለ መድኃኒት፣ በከፈን ወይም በሚበሰብስ ሳጥን ጫካ ውስጥ ይቀበራል። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2019 አስከሬን በእንጨት ፍቅፋቂና በገለባ ተሸፍኖ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ወደ አፈርነት እንዲለወጥ በሕግ ፈቀደች፤ ሌሎች ግዛቶች ተከትለዋታል። ልብ ላለው ሰው ይህ አዲስ ተብሎ የሚነገረው ከጥንቱ የእኛ ቀብር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በነጠላና በሰሌን ተገንዞ ወደ አፈር መግባትን የገጠር ሰው ሲያደርገው ኖሯል።

ለማን ነው ሥልጣኑ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ፍትሐትና ቀብር ነው። እስልምና ማቃጠልን ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ በፍጥነት መቀበርን ያዛል። አብዛኞቹ ወንጌላውያን ኢትዮጵያውያንም በልማድ ይቀብራሉ። የአሜሪካ ሕግ ግን የሟቹን ሃይማኖት ገምቶ አይወስንም፤ የሚፈርመው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሟቹ በጽሑፍ የወከለው ሰው፣ ከዚያ ሕጋዊ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ አዋቂ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ ወንድምና እኅት። ጓደኛ፣ የክርስትና ልጅ፣ አብሮ አደግ፣ እድር በዚህ ውስጥ የሉም።

ችግሮቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው የመንግሥት የጋብቻ ፈቃድ ያላወጡ ባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ሌላው በሕግ ፊት እንግዳ ሰው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ለዓመታት ተለያይተው በፍርድ ቤት ያልተፋቱ ከሆነ በብዙ ቦታ ፊርማው የዚያው የተለየው የትዳር ጓደኛ ነው። ልጆች ቢከራከሩ፣ አንዱ ይቃጠል ሌላው ይቀበር ቢሉ፣ ድርጅቱ ስምምነት ወይም የዳኛ ትእዛዝ እስኪያገኝ ሥራውን ያቆማል፤ የማቀዝቀዣው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጠራል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የውክልና ሥልጣን ወረቀት ይበቃል ብሎ ማሰብ ነው፤ ውክልናው በአብዛኛው ሰውየው በሞተበት ቅጽበት ያበቃል።

ፈላጊ የሌለው አስከሬን ዕጣም አለ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዘመድ ያልጠየቀው አስከሬን ይቃጠላል፤ አመዱ ሦስት ዓመት ያህል ተጠብቆ ካልተወሰደ በቦይል ሃይትስ በሚገኘው የካውንቲው መቃብር ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል፣ የተቃጠሉበት ዓመት ብቻ ድንጋይ ላይ ይጻፋል። ብቻውን ለሚኖር ስደተኛ ይህ ሩቅ አደጋ አይደለም፤ በስልኩ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ መመዝገብና በቦርሳው የቅርብ ሰው ስም መያዝ ቀላል መከላከያ ነው።

አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል። አየር መንገድ አስከሬን የሚቀበለው በጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ከታወቀ ፊውነራል ሆም ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የኢምባልሚንግ ማረጋገጫ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የማጓጓዣ ፈቃድና የሟቹ ፓስፖርት ናቸው፤ በኤምባሲው ቆንስላ በኩል ያልፋሉ። ብዙ ሰው የሚቆመው በስም ላይ ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ባይኖር፣ እርማቱ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ለፊውነራል ሆሙ ስሙን በቃል አትንገሩ፤ ፓስፖርቱን ከፍታችሁ እንዲገለብጠው አድርጉ። በአሜሪካ ለሚቀበር ሙስሊም ደግሞ ኢምባልሚንግ በሕግ ግዴታ አለመሆኑን፣ የኮንክሪት ልባሱም የመቃብር ቦታው ደንብ እንጂ የመንግሥት ሕግ አለመሆኑን ማወቅ ይረዳል፤ ለከፈን ቀብር የሚመቹ ቦታዎችን መስጊዶች ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ የሚያቃልለው የቀብር ተወካይ መሰየሚያ ፎርም የሚባል አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። በየክፍለ ግዛቱ መልኩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ሁለት ምስክር፣ አንዳንዱ የኖተሪ (የሰነድ አረጋጋጭ) ማኅተም ይፈልጋል። የሚጻፈው፦ የተወካዩ ሙሉ ስምና ስልክ፣ እሱ ካልተገኘ የሚተካው፣ «እንዳልቃጠል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ልቀበር» ወይም «በእስልምና ሥርዓት ልቀበር» የሚል ግልጽ ቃል፣ ቀብሩ አሜሪካ ይሁን ወይስ አገር ቤት፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ። ማቃጠልን የመረጠም ሰው ይህንኑ ይጻፍ፤ ልጆቹ በሐዘን ቀን እርስ በርስ እንዳይጣሉ። ለልጆቹ የሚነገረው በሚገባቸው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ወላጅ በጤናው ሳለ ነው።

ወረቀቱ ኑዛዜ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ነው። የባንክ ካዝና ውስጥም አይግባ፤ ካዝናውን ለማስከፈት ራሱ የሞት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አንዱ ቅጂ ለተወካዩ፣ አንዱ ለእድሩ ጸሐፊ ወይም ለንስሐ አባት ይሰጥ፤ ሦስተኛው ከፓስፖርቱና ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር ልጆቹ በሚያውቁት መሳቢያ ይቀመጥ።